የቅዱሳት መጻሕፍት ሥልጣንና የጎንደር ትርጓሜ ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተ ሰቦች፤ በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የወገናችንን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። ይህ ሰው የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የግምጃ ቤቷ አዛዥ ሲሆን፥ ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በተመለሰ ጊዜ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ሲጠይቀው፥ ሹመቱ ሳያስታብየው፥ መሪ ከሌለው ሊረዳው እንደማይችል ገለጠለት፤ መምህሩንም ከአጠገቡ አስቀመጠው።

በዚያ መንገድ ላይ መጽሐፉ እውነተኛ ነበረ፤ አንባቢውም ቅን ነበረ። ይሁን እንጂ በግ ተብሎ የተነገረለት ማን እንደ ሆነ የታወቀው መምህሩ በተቀመጠ ጊዜ ነው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያው፥ መጽሐፍ የእግዚአብሔር ቃል ከሆነ ስለ ምን የሰው አስተማሪ ያስፈልገዋል? የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ አባቶቻችን በአንዱ ቃል ላይ «አንድም፥ አንድም» እያሉ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ሲያወጡ የቃሉን ሥልጣን አላሳነሱምን? የሚል ነው። ይህን የሚጠይቁ ወጣቶች ዛሬ በየደብሩ ብዙዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ከክፋት የመጣ አይደለምና በተግሣጽ ብቻ ሊመለስ አይገባውም። እኛም የጎንደርን የትርጓሜ ቤት ምስክር አድርገን፥ በተቻለን መጠን ልንመልሰው እንወድዳለን።

መጽሐፍ የእግዚአብሔር እስትንፋስ ስለ መሆኑ

ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ (3፥16) ቅዱሳት መጻሕፍት ከእግዚአብሔር መንፈስ የወጡ መሆናቸውን፥ ለማስተማርና ለመገሠጽ፥ ልብንም ለማቅናት የሚጠቅሙ መሆናቸውን ያስረዳል። ቅዱስ ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ (1፥20-21) ትንቢት ከሰው ፈቃድ እንዳልመጣ፥ ሰዎቹም በመንፈስ ቅዱስ ተመርተው እንደ ተናገሩ ይመሰክራል። የመጽሐፍ ሥልጣን ከዚህ ይመነጫል። ነገሥታት ስላጸደቁት፥ ሊቃውንትም ስላደነቁት የተሾመ አይደለም፤ የተናገረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ነገር ግን መንፈስ ቅዱስ ነቢያትንና ሐዋርያትን ሲያናግር እንደ መቃ ብዕር ልብ የሌላቸው አላደረጋቸውም። አሞጽ የእረኝነቱን ምሳሌ ይዞ ተናገረ፤ ዳዊት በበገናው ዘመረ፤ ሉቃስም ከመጀመሪያ ያዩትን ሰዎች ቃል በጥንቃቄ እንደ ተከተለ በወንጌሉ መቅድም አስታወቀ። የአንዱ አነጋገር አጭር ነው፤ የሌላው ረጅም ነው፤ አንዱ ያዝናል፥ ሌላው ይገሥጻል። የእያንዳንዱ ጠባይና ቋንቋ ሳይጠፋ፥ በሁሉም የተናገረው አንዱ መንፈስ ነው።

ይህን ለተዋሕዶ ልጆች ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አካላዊ ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ መለኮት ሥጋን አላጠፋም፤ ያለ መቀላቀል፥ ያለ መለያየት በተዋሕዶ አንድ ሆነ እንጂ። ምሳሌ ዘወትር ከአማናዊው ያንሳል፤ ቢሆንም በዚህ አንጻር በመጽሐፍም የእግዚአብሔር አሳብ በሰው ቋንቋ ተገልጦ እናገኘዋለን። ስለዚህ በመጽሐፍ ውስጥ የሰውን አነጋገር በማየቱ ብቻ መለኮታዊነቱን የሚክድ፥ ክርስቶስን በመራቡና በመድከሙ ምክንያት አምላክ አይደለም እንዳሉት ሰዎች ይስታል። ቋንቋውን፥ ዘመኑንና አገሩን ሳይመረምር ቃሉን ወደ ወደደው የሚጐትትም፥ ቃሉ በሰው ቋንቋ መነገሩን የረሳ ነው። መምህር ማስፈለጉም ስለዚህ ነው፤ ቃሉ ጐድሎ ሳይሆን የእኛ መረዳት ጐድሎ ነውና።

«አንድም» ማለት ምን እንደ ሆነ

ዐፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ነግሠው የእስክንድርያን ሃይማኖት ከመለሱ በኋላ፥ ጎንደርም የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች ጀምሮ ሊቃውንት ከየአውራጃው ወደ እርሷ ተሰበሰቡ። በግዕዝ የተጻፈው መጽሐፍ በአማርኛ የሚተረጐምበት ጉባኤም በዚያ ሰፋ፥ ጸናም። ትምህርቱ በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ እነርሱም ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ናቸው። ትርጓሜውም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት እንደ ተከፈለ፥ የታች ቤቱንም ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ እንደ ሆኑ ሊቃውንቱ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ዛሬ በየጉባኤው በአብዛኛው የሚሰማው የታች ቤቱ ነው።

በዚህ ጉባኤ አንዱ ደቀ መዝሙር የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ መምህሩም በአማርኛ ይተረጕማል፤ ምሥጢሩ ሲሰፋም «አንድም» ብሎ ሌላውን ፍቺ ይቀጥላል። ይህን የሰማ እንግዳ ሰው መምህሩ የተጠራጠረ ይመስለዋል። ዳሩ ግን «አንድም» የጥርጣሬ ቃል አይደለም። የሚጠራጠር ሰው ይህ ወይም ያ ነው ይላል፤ የትርጓሜ መምህር ግን ይህም አለበት፥ ያም አለበት ይላል። የሰው ቃል በአንድ ፍቺ ያልቃል፤ የእግዚአብሔር ቃል ግን ከምንጭ እንደሚቀዳ ውኃ ነው፥ ቀጂው እንስራውን ሞልቶ ቢሄድ ምንጩ አይጐድልም። እንግዲህ «አንድም» የሚል መምህር ይህ ቃል ከእኔ አእምሮ ይሰፋል ብሎ መመስከሩ ነው፤ ይህም ለመጽሐፍ መለኮታዊነት የሚሰጥ ምስክርነት ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው፥ ያዘነለትንም ሳምራዊ አስተምሯል። የዚህ ንባብ ፊተኛ ትርጉሙ ግልጥ ነው፤ ባልንጀራህ ማን እንደ ሆነ አትመርምር፥ ለወደቀው ባልንጀራ ሁን ማለት ነው። አንድም አበው እንዲህ ይተረጕሙታል፤ የተደበደበው ሰው ከገነት የወረደው አዳም ነው፥ ወንበዴዎቹ አጋንንት ናቸው፥ ሳምራዊው ክርስቶስ ነው፥ የእንግዳ ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ለቤቱ ጠባቂ የተሰጡት ሁለቱ ዲናሮችም ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ሁለተኛው ትርጓሜ ፊተኛውን አልሻረውም፤ አጸናው እንጂ። ክርስቶስ አስቀድሞ እኔን ከመንገድ ዳር እንዳነሣኝ ያወቀ ሰው፥ ሌላውን የወደቀ ሰው አልፎ ሊሄድ እንዴት ይችላል?

የትርጓሜ ወሰን

ይሁን እንጂ «አንድም» የተባለ ሁሉ ትርጓሜ ይሆናል ማለት አይደለም። አባቶች ለዚህ ሦስት ወሰን አኑረዋል።

ፊተኛው ንባቡ ነው። በትርጓሜ ቤት ንባብ ይቀድማል፤ ትርጓሜም ንባቡን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አይቀድመውም። መምህሩ ለአሳቡ የሚመች ስላልሆነ አንዲት ፊደል ሊለውጥ አይችልም። መጻሕፍት በእጅ የተጻፉ ናቸውና፥ የአንዱ ብራና ንባብ ከሌላው የሚለይበት ስፍራ በተገኘ ጊዜም ሊቃውንቱ አልሸሸጉትም፤ ሌላው አብነት እንዲህ ይላል ብለው ልዩነቱን ይናገራሉ፥ ለሁለቱም ፍቺ ይሰጣሉ። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የጸሐፊ እጅ ሊስት እንደሚችል ማመን የመንፈስ ቅዱስን ምሪት መካድ አይደለም፤ እውነትን የሚወድ ሰው ስለ እውነት ሲል መደበቅ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። ምሥጢረ ሥላሴንና ምሥጢረ ሥጋዌን የሚያፈርስ ፍቺ የቱን ያህል ቢያምር ትርጓሜ አይባልም፤ ቃሉን የተናገረው መንፈስ በቤተ ክርስቲያን ያደረው መንፈስ ነውና ራሱን አይቃወምም።

ሦስተኛው የመምህራን ሐረግ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ትንቢትን ማንም ለብቻው እንደ ፈቀደ እንዳይፈታው ማስጠንቀቁን ከላይ በጠቀስነው ስፍራ እናገኛለን። የትርጓሜ መምህር «እኔ እላለሁ» ብሎ አይጀምርም፤ ከመምህሩ የሰማውን፥ መምህሩም ከመምህሩ የሰማውን ያስተላልፋል። ዮሐንስ አፈወርቅና ቄርሎስ በጎንደር ጉባኤ የሚሰሙት በዚህ ሐረግ ነው።

ስለ መጽሐፈ ሄኖክ

ስለ መጽሐፍ ሥልጣን ስንነጋገር፥ የትኞቹ መጻሕፍት ሥልጣን አላቸው? የሚለውን ጥያቄ ማለፍ አይገባንም። ቤተ ክርስቲያናችን 81 መጻሕፍትን ትቀበላለች፤ ከእነዚህም አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ (ቍ. 14-15) የሄኖክን ትንቢት ጠቅሶ እያለ፥ መጽሐፉ ግን በሌላው ዓለም ከንባብ ጠፍቶ፥ ከጥቂት የግሪክ ክፍል በቀር ሳይታወቅ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ገብቶ በእቴጌ ምንትዋብ ጥበቃ በቁስቋም ተቀመጠ። በ1765 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲመለስም ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄደ፤ ከእነርሱም አንዱ በፓሪስ፥ አንዱም በኦክስፎርድ ተቀመጠ። በ1813 ዓ.ም. ሪቻርድ ሎሬንስ ከግዕዙ ወደ እንግሊዝኛ በመለሰው ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት የጠፋውን መጽሐፍ አነበቡት። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ በአራማይክ የተጻፉ የሄኖክ ቍርጥራጮች ተገኙ፤ ከመካከላቸውም ከጌታ ልደት በፊት የተጻፉ አሉባቸው። የምሳሌዎቹ ክፍል ከዚያ አልተገኘም፤ ሙሉው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያለው በግዕዝ ብቻ ነው።

ይህ የሚያስደስት ምስክር ነው፤ ነገር ግን በደስታችን ውስጥ መጠንቀቅ ይገባናል። አባቶቻችን ሄኖክን የተቀበሉት ከዋሻ በተገኘ ቍርጥራጭ አይደለም፤ ከአበው ተረክበው ነው። ማስረጃው ባይገኝ እምነታቸው አይወድቅም ነበር፤ ተገኘ ብለንም በሌላው ላይ ልንታበይ አይገባንም። መጽሐፉን ጠብቆ ያኖረው አንድ ሊቅ ብቻ አልነበረም። ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፥ ፍቆ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ለሚቀጥለው ትውልድ ጻፈው፤ ሌላውም አነበበው፥ ገለበጠውም። እኛ ይህን መጽሐፍ በእጃችን ይዘን ሳናነበው ብንቀር፥ ለመጠበቁ መመካት ምን ይጠቅመናል?

ብራናው በተወሰደና በተቃጠለ ጊዜ

ጎንደር መጽሐፍን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መጽሐፍን ማጣት ምን እንደ ሆነም ታውቃለች። በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከተማዪቱን በዘረፈ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ፥ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ሎንዶን ተወሰዱ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የመሐዲስቶች ሠራዊት ጎንደርን አቃጠለ፤ ከብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ተረፈች።

በዚያ ዘመን የመጽሐፍ ሥልጣን በብራናው ብቻ ተወስኖ ቢሆን ኖሮ፥ ብራናው ሲቃጠል ሥልጣኑም አብሮ በተቃጠለ ነበር። ነገር ግን ከእሳቱ ያመለጡት መምህራን ንባቡንና ትርጓሜውን በቃላቸው ይዘውት ነበረ። ጉባኤውም በየገጠሩ ተተከለ፤ ከወገራ፥ ከደባርቅ፥ ከጃናሞራ ደጋ የወረደው ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ቍራሽ እየለመነ ቃሉን ከመምህሩ አፍ ተቀበለ። ይህ በቃል የኖረው ትርጓሜ ኋላ በማተሚያ ቤት ሊታተም ቻለ፤ የአራቱ ወንጌላት ንባብ ከነትርጓሜው በ1916 ዓ.ም.፥ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ትርጓሜ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ታተመ።

ከዚህ የምንማረው ቃሉ ሁለት ማደሪያ እንዳለው ነው፤ አንዱ ብራናው ነው፥ ሁለተኛው የሰው ልብ ነው። ልብ ብቻውን ይረሳል፥ ይሳሳታልም፤ ስለዚህ የተጻፈው ይዳኘዋል። ብራና ብቻውን አይናገርም፤ ስለዚህ ሕያው ምስክር ያስፈልገዋል። አንዱን ከሌላው የለየ ሁለቱንም ያጣል።

ከእኛ የሚፈለገው

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ዛሬ መጽሐፍ አልጠፋም። በአማርኛ ታትሞ በየቤቱ አለ፤ በእጅ ስልክ ላይ እንኳ በጣት ሲነካ ይገለጣል። ስለዚህም በብራና ጥቂትነት ዘመን ያልነበረ ፈተና መጥቶብናል። አንድ ሰው ከምዕራፉ አንዱን ቍጥር ቈርጦ፥ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሳያይ፥ ባልንጀራውን የሚወጋበት ጦር ያደርገዋል። ሌላውም ቃሉን ትቶ የራሱን ሕልምና ተረት በመምህር ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ ሲጠየቅም የመጽሐፍን ሥልጣን ለራሱ ይወስዳል። እነዚህ ሁለቱ የማይመሳሰሉ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ቃሉ እንዲዳኛቸው ሳይሆን እነርሱ ቃሉን እንዲያዝዙት ይሻሉ።

እንግዲህ ካህናት የሆንን፥ ለማስተማር ከመቆማችን በፊት ንባቡን ደግመን እንይ፤ የመጽሐፉን ቃል፥ የአበውን ትርጓሜና የራሳችንን ምክር እየለየን እንናገር፤ ያላወቅነውንም ሲጠይቁን አላውቀውም፥ ጠይቄ እነግርሃለሁ ማለት አያሳፍረን። ጃንደረባው አላውቅም ለማለት ካላፈረ፥ በዐውደ ምሕረት የሚቆም ሰው ሊያፍር አይገባውም። ምእመናንም ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ያልገባችሁን ምልክት አድርጋችሁ ወደ መምህር ይዛችሁ ሂዱ፤ ያነበባችሁትንም ለልጆቻችሁ ንገሩ። የጉባኤ ቤት ተማሪዎችን ቀለብና ልብስ አትርሱ። የተራበ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ሲሄድ፥ ከእርሱ ጋር የሚሄደው ብዙ መምህራን ያለፉበት የቃል አደራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ በገንዘብ አይገዛም።

ወደ ሁለቱ ዲናሮች እንመለስ። ሳምራዊው ዲናሮቹን ለቤቱ ጠባቂ ሲሰጠው እንዲከብርባቸው አልሰጠውም፤ የቈሰለውን እንዲያስታምምባቸው ነው እንጂ። ጠባቂው ዲናሮቹን አልሠራቸውም፤ በእነርሱ ላይ የተቀረጸውንም መልክ ሊለውጥ አይችልም። ቀብሮ ቢያኖራቸውም በሽተኛው በደጁ ይሞትበታል። የመጽሐፍ ሥልጣን ከሰጪው ነው፤ የእኛ ድርሻ አደራ ነው። የበለጠ ብታወጣ ስመለስ እከፍልሃለሁ የተባለውን ተስፋም የሰማነው ከጌታ ነውና፥ በትርጓሜ የሚደክም መምህር፥ በልመና የሚማር ደቀ መዝሙር፥ ተማሪውን የሚቀልብ ምእመንም ድካማቸው ከንቱ አይሆንም። ባለ ዕዳው ይመለሳል፤ በተመለሰም ጊዜ የሚጠይቀን ስለ ዲናሮቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ቈሰለው ሰው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።